ሁሉ የሚጠብቃት እርጉዝ

በአገራችን ሐኪም ያልሆነ ሰው ካለ፣ እርጉዝ ሴት ገና አላየም ማለት ነው። ሆዷ ገፋ ያለ ሴት መንገድ ላይ ብቅ ትበል እንጂ ባለሱቁ የማህፀን፣ ሊስትሮው የአጥንት፣ የባጃጁ ሹፌር ደግሞ የነርቭ ስፔሻሊስት ሆኖ ያድራል። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ አበው። መልካም ብለዋል። መካሪ የበዛባት እርጉዝ ዘጠኙን ወር እንዴት እንደምትዘልቀው ግን ሳይነግሩን አለፉ። አይፈረድባቸውም፤ አበው መቼ አርግዘው ያውቃሉ?

እኔ አርግዤ አውቃለሁ። ስለዚህ የጎደለውን ልሙላ።

ምህረት እባላለሁ። ዲላ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ታሪኩ ጨለለቅቱ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ወራት እዚያው ይሰነብትና ቤቱን የሚያየው እሑድ እሑድ ነው። የእርግዝናዬ የመጨረሻ ወራት ልክ ከለቀማው ጋር ሊገጥሙ መሆኑን ሳውቅ፣ ምናለ ትንሽ ብታስብ ኖሮ ብዬ ተቆጣሁት። ስናስብ ሁለታችንም እንደነበርን አስታወሰኝ፤ ተውኩት።

እርግዝናው እንደታወቀ ክትትል ለመጀመር አብረን ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ፣ ሁሉም ሰው «ሲስተር» የሚላት፣ ስትናገር የአውቶቡስ ረዳት የምታስንቅ ቀልጣፋ ሴት ናት። መዘነችኝ፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ ደምና ሽንት አስመረመረችኝ። ከዚያ ምክሩን ለቀቀችው። ያገኘሽውን ሁሉ ብዪ፤ እንቁላልም አቮካዶም ጎመንም፤ ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምረሽ ብዪ። የደም ማነስ ኪኒኑን በየቀኑ ዋጪ፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አታገናኚው። በእግርሽ ሂጂ፣ አስተምሪ፣ ቤትሽን ጥረጊ፣ ወጥሽን ሥሪ። ሙሉ ጀሪካን አትሸከሚ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ አትዋዪ፣ ሞተር ላይ አትውጪ። ስትተኚ በግራ ጎንሽ፣ ከአጎበር ሥር። ደም ካየሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽና ዐይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀስ ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ነዪ። ቡና እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ በቀን አንድ ሁለት ሲኒ አይጎዳሽም አለችኝ።

ታሪኩ አጠገቤ ተቀምጦ በየዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔም ምን ዓይነት አስተዋይ ባል ሰጠኝ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ከዚያ ሁሉ ምክር ጆሮው የያዘው በ«አት» የሚጀምረውን ብቻ ነው። እሱንም አንሶ አገኘው። ስለዚህ ከስልኩ እየለቀመ ያሟላው ጀመር።

በየማታው ከጨለለቅቱ አዲስ ክልከላ ይደወልልኛል። ደረጃ አትውጪ። እጅሽን ወደ ላይ አታንሺ። ጎንበስ አትበዪ። ቡና ጨርሶ አትቅመሺ። ልብ በሉልኝ፣ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ቡና ሲያሳጥብ፣ ሲያስለቅም፣ ሲያሸትትና ሲቀምስ ውሎ ነው የሚደውለው። ሲስተር የፈቀደችልኝን ሁለት ሲኒ ሳስታውሰው፣ ሲስተር ሥራ ይበዛባታል፣ ሁሉን ልታነብ አትችልም ይለኛል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደግሞ የራሳቸው ትምህርት ክፍል ነበራቸው። ሱቅ አላቸው፤ ስድስት ልጆች ወልደዋል፤ በዚህ ላይ ደግ ሴት ናቸው፣ ደግ ሰው ደግሞ ሲመክር እንቢ ማለት ይከብዳል። አናናስ አትንኪ አሉኝ፤ ዲላ ላይ አናናስ አለመንካት ማለት ዐይን ጨፍኖ መሄድ ማለት ነው። ልብስ ሳሰጣ ሲያዩኝ ከሱቃቸው እየሮጡ መጥተው ልብሱን ቀሙኝ። እጄን ሳነሳ የልጁ እትብት አንገቱ ላይ ይጠመጠማል አሉ። ሲስተርን ስጠይቃት፣ እትብት የሚጠመጠመው ልጁ ሲገለባበጥ እንጂ እናቱ ልብስ ስታሰጣ እንዳልሆነ ነግራኝ፣ ይልቅ እርጥቡን ሙሉ ቅርጫት በአንዴ አታንሺ አለችኝ። ለእትዬ ዘይነባ ብነግራቸው፣ እሷ ስንት ወልዳለች አሉኝ። አንድም። ክርክሩ ተዘጋ።

በሰባተኛው ወር አማቴ፣ የታሪኩ እናት፣ ከደጋው ከቡሌ ወረዱ። ከአንድ እስር ጎመንና ከቆጮ ጋር ነው የመጡት። አማቴ የተቃራኒው ወገን መሪ ናቸው። እሳቸው ታሪኩን የወለዱ ዕለት ጠዋት እንሰት ሲፍቁ እንደነበር፣ የእሳቸውም እናት ከገበያ ሲመለሱ እንደወለዱ ነገሩኝ። የተቀመጠች እርጉዝ ታስቆጣቸዋለች። አማርኛቸው ላይ የጌዴኦኛው ዜማ አለበት፤ ጾታም ብዙ አያስጨንቃቸውም። እኔን «አንተ» ይሉኛል፣ ልጃቸውን አልፎ አልፎ «አንቺ» ይሉታል። ሆዴን አይተው «ልጁ በርትታለች» ሲሉ የሰማ ሁሉ፣ ወንድ ነው ወይስ ሴት ያሉት ብሎ ይከራከራል። እንደዚህ ያለ ትንቢት መቼም መሬት ጠብ አይልም።

እንግዲህ ቤታችን ሁለት ፓርቲ ሆነ። የታሪኩና የእትዬ ዘይነባ ፓርቲ አትንቀሳቀሺ ይላል፤ የአማቴ ፓርቲ ተነስ ጥረግ ይላል። እኔ ስልኩ ሲጮህ ተቀምጬ፣ ሲዘጋ ተነስቼ እጠርጋለሁ።

ከሁሉም ያስከፋኝ ግን የትምህርት ቤቱ መንገድ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን ቁልቁለት በእግሬ መሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወገቤም ይፈታልኛል። ታሪኩ ግን ባጃጅ ተኮናተረልኝ። ለሹፌሩ የሰጠው ትእዛዝም ከሰው እርምጃ እንዳይፈጥን ነው። ሹፌሩ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነበር። ተማሪዎቼ በእግራቸው እያለፉኝ፣ በአጠገቤ ሲደርሱ «ደህና አደሩ ቲቸር» ብለው፣ በር ላይ ቆመው ደግመው ደህና አደሩ ይሉኛል። አንዴ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ ቀድሞን፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ይቅርታ ጠየቀው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ስምንተኛው ወር ላይ የክትትል ቀጠሮዬ ደረሰ። በዋዜማው ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆነ። ታሪኩ ደውሎ እንዳትሄጂ አለኝ፤ ባጃጁ ያንገጫግጭሻል። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት። ብታዳልጥሽስ? እትዬ ዘይነባም ሐኪሙ የት ይሄድብሻል፣ በሚቀጥለው ትደርሺያለሽ አሉ። አማቴም ቢሆኑ ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ባይ ናቸው። በዚያች አንዲት ጉዳይ ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማሙ። ከሁሉ ነገር ሲጠብቁኝ ከርመው፣ ከሐኪሙም ጠበቁኝ።

ከዚያ በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ብቅ የሚል፣ ቀጥሎ ከእንቅልፌ ቀድሞ የሚነሳ ራስ ምታት። ለእትዬ ዘይነባ ብነግራቸው ምርመራው ደቂቃ አልፈጀም። የቡና ነው አሉ። የዚህ አገር ሰው ከቡና ከተለየ ራሱ ይፈነዳል፤ ባልሽ ነው የበደለሽ። ቡና ካቆምኩ ወራት አልፈዋል፣ ዛሬ እንዴት ትዝ አለው ብዬ አልተከራከርኩም። ይህን መድኃኒት እንቢ የሚል በሽተኛ የት ይገኛል? ሁለት ሲኒ ጠጣሁ፤ አቤት ደስታዬ! ራስ ምታቱ ግን አልተነቃነቀም። በማግስቱ ሦስት ሲኒ ታዘዘልኝ።

ፊቴም ሞላ። ያየኝ ሁሉ አማረብሽ ይለኛል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ እርግዝና ተስማምቷታል ተባለልኝ። የጋብቻ ቀለበቴ እንቢ ሲለኝ አማቴ ልጁ ወፈረች አሉ። ጫማዬ አልገባ ሲለኝ የታሪኩን ሰንደል አድርጌ ማስተማር ጀመርኩ። የሲስተር ቃል ትዝ ይለኝና፣ ደግሞ አሥር ሰው ውብ ሆነሻል ሲልሽ አይ፣ እኔ አብጬ ነው ማለት እንዴት ያስቸግራል!

አንድ ማክሰኞ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን የከፍታ መስመር አስተምራለሁ። የስምጥ ሸለቆውን ዳገት ሰሌዳው ላይ ሥዬ ዞር ስል፣ መስመሮቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ብየዳ ቤት ደጃፍ የቆምኩ ይመስል በዐይኔ ጠርዝ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ። የጻፍኩትን ላነብ ብሞክር ፊደሉ የለም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዘወትር ወሬ የማይጨርሱ ተማሪዎቼ ጭጭ አሉ። ያስፈራኝ የእነሱ ዝምታ ነው።

ባጃጁ እንደ ልማዱ እያዘገመ ቤት አደረሰኝ። ታሪኩ ዘንድ ደወልኩ። ጋደም በዪ አለኝ፤ ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ።

«ታሪኩ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ» አልኩት።

ድምፁን አለሳልሶ፣ እሑድ መነጽር እንገዛልሻለን አለኝ። የክፋት አልነበረም። ፈርቷል፤ የፈራ ሰው ደግሞ በጣም ትንሿን በሽታ ይመርጣል። ስልኩን ዘጋሁት። እትዬ ዘይነባ ሲኒ ይዘው መጥተው ነበር። እኔ አሁን ሐኪም ቤት መሄዴ ነው፣ የሚከለክለኝ ካለ ይናገር ብዬ ወደ አማቴ ዞርኩ። የምከራከረው ከእሳቸው ጋር መስሎኝ ቃላት እያዘጋጀሁ ነበር።

አማቴ በሩ ላይ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል።

«ተነሳ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ባጃጁ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ እንደታዘዘው በዝግታ ተነሳ። አማቴ ትከሻውን ነክተው ፍጠን አሉት። ጋሽ ታሪኩ እንዳልፈጥን አዘውኛል አለ።

«ታሪኩን የወለደው እኔ ነኝ። ንዳው» አሉት።

ነዳው። ያ ሁሉ የሚያዘግም ሰው እንደዚያ መንዳት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። መንገዱ አንገጫገጨኝ፤ ምንም አልሆንኩም። እኩል መንገድ ላይ አማቴ እጄን ይዘው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ በዚያው አማርኛቸው ነገሩኝ።

«ታናሽ እህት ነበረኝ። እርጉዝ ነበር። ዐይኔ ላይ ንብ ይበራል አለ። ተኛ አልነው።»

ያኔ ከቡሌ ታማሚ በቃሬዛ ነበር የሚወርደው፤ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት።

ሲስተር ስታየኝ እንደ ወትሮዋ ማውራት ጀምራ ነበር። ግፊቴን ለካች። ክንድ ቀየረችና እንደገና ለካች። ከዚያ ዝም አለች። ሲስተር ዝም ስትል አይቼ ስለማላውቅ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ሽንቴ ተመረመረ፣ ሐኪም ተጠራ። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ነው፤ ራስ ምታቱም፣ እብጠቱም፣ ብልጭታውም የእሱ ነው አሉኝ። ወደሚጥል መንቀጥቀጥ ሊቀየር አንድ እርምጃ የቀረው ነበር። እንዳያንቀጠቅጠኝ አንድ መርፌ ወጉኝ፤ ሲገባ እሳት የሚያህል መርፌ ነው፣ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ።

«ልጄስ?» አልኩ።

«ልቡ ደህና ይመታል» አለች ሲስተር። «ዘጠነኛው ወር ስለገባ መወለድ ይችላል። የአንቺም መድኃኒት መውለዱ ነው። ዛሬ መጥተሻል፣ እሱ ነው ዋናው።»

ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ተሰጠኝ። አማቴ ከበሩ አልተነቃነቁም፤ በጌዴኦኛ ሲጸልዩ ይሰማኛል፤ ቃሉን ሁሉ ባልይዘውም የማን ስም እንደሚመላለስ ለየሁ። የእኔ ስምና የሌላ ሴት ስም ነበር።

ሆስፒታል መግባቴን ሲሰማ ታሪኩ ከጨለለቅቱ በሞተር መጣ። አዎ፣ በሞተር። ያን ዳገትና ጭቃ ከኋላ ተፈናጦ፣ እስከ ቅንድቡ በጭቃ ተለብጦ ደረሰ። ሲያየኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የመነጽሩን ነገር ላነሳበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ምጡ መጣና ሌላ ወሬ ያዝን። ሲስተር ሲንገዳገድ አይታ ከመሬት ተቀመጥ አለችው። በክትትሌ ወራት ሁሉ ሳይሸራርፍ የተቀበላት ምክር ያቺ ብቻ ናት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ክብደቷ አነስ ያለ፣ ድምፅዋ ግን የገበያ ቀን ድምፅ ነው። አማቴ ይኸው ብዬ ነበር አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። የእኔ ግፊት ወዲያው አልወረደም፤ መድኃኒት እየወሰድኩ፣ ጠዋት ማታ እየተለካሁ ሰነበትኩና ቀስ እያለ ተመለሰ። ታሪኩ እነዚያን ቀናት የኖራቸው ዐይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል ነው። ነርስ ባለፈች ቁጥር «ግፊቱ ስንት ገባ?» ይላታል። መኝታ ክፍሉ ሁሉ በዚህ አወቀው።

እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ በቡና ልገድልሽ ነበር ብለው እንባቸው መጣ። ሲስተር ሰምታ አጽናናቻቸው። በሽታውን ያመጣው ቡናው እንዳልሆነ ነገረቻቸው፤ ቀጠሮ ያስቀረው ጭቃም፣ ሲኒውም፣ አማረብሽ ያለው አፍም ተባብረው የበሉት ቀኑን ነው አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ ግን አልደበቅኩም ነበር፣ ለሁሉም ሰው ተናግሬያለሁ። ያልተናገርኩት መለኪያ ለያዘችው ሴት ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው እርጉዝ ስትመጣ አናናሱን መከልከል አልተዉም፤ ግን ዕቃዋን ከማስረከባቸው በፊት ለክትትል መሄዷን ይጠይቃሉ። ካልሄደች ስኳሩን ያዘገዩባታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ቀረ የልጅቷ ስም። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት ስም አዘጋጅተን ነበር። አማቴ ግን፣ ስሙን ለእኔ ተዉት አሉ። እናታቸው የጉጂ ሴት ነበሩ፤ ልጅቷን በኦሮምኛ ሊጠሯት ፈለጉ። አቀፏትና ግንባሯን ስመው «ጊፍቲ» አሉ።

ታሪኩ ፊቱ ነጣ። «ግፊት?» አለ።

ጊፍቲ ማለት እመቤት፣ ንግሥት ማለት እንደሆነ አስረዱት። ስሙ ቆንጆ ነው፣ ሌላ ይሁን ግን ብሎ ለመነ። እንዴት ተብሎ ነው ያንን ባጃጅ እንደዚያ ያስነዱትን ሴት እንቢ የሚባሉት? ጸደቀ።

ጊፍቲን ለመጀመሪያው የክትባት ቀጠሮዋ ይዘናት ሄድን። ቀጠሮ አሁን በቤታችን ዝናብ ዘነበ ተብሎ አይቀርም። ተራ የሚጠብቁ እናቶች አዳራሹን ሞልተውታል፤ ታሪኩ ሌት ልጅ ሲያባብል አድሮ አግዳሚው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ነርሷ በሩን ከፍታ በረጅሙ «ጊፍቲ ታሪኩ!» ስትል፣ ባለቤቴ ከእንቅልፉ ብድግ አለ፤ ደረቱን በእጁ ይዞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ «ስንት ገባ?» ብሎ ጮኸ።

ነርሷም ረጋ ብላ፣ «ገና አልመዘንናትም» አለችው።